ከጭነት መኪና የወረደ ሞተር

የናፍጣ ሞተር ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ ወፍጮ ሊያዞር ወይም ጄኔሬተር ሊነዳ ይችላልን? ነዳጅና አየር እስካገኘ ድረስ ይችላል። ይሁን እንጂ መኪናው ለሞተሩ ያከናውናቸው የነበሩ፣ እምብዛም የማናስተውላቸው ተግባራት አሉ። ሞተሩን ያወረደ ሰው እነርሱን በሌላ መተካት ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንግዳ አይደለም። አሶሳ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ብርሃኗን ታገኝ የነበረው ከናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ በጉባ ቢሆንም፣ መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች የናፍጣ ወፍጮ ዛሬም አስፈላጊ ነው።

በመጀመሪያ ሙቀትን እንመልከት። ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው በግምት 35 በመቶውን ነው። በመሆኑም 60 ኪሎ ዋት ለወፍጮው የሚያቀርብ ሞተር 110 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት በራዲያተሩ፣ በጭስ ማውጫውና በአካሉ በኩል ያስወጣል። ይህም 30 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲጋገርባቸው ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። መኪናው ሲጓዝ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፤ በወፍጮ ቤት ግን ሥራው ሁሉ በማራገቢያው ላይ ይወድቃል። የሞቀው አየር ተመልሶ እንዳይገባም ወደ ውጭ መውጫ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። በብዙ የጭነት መኪናዎች የናፍጣ ፖምፓ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ የሚጠብቀው ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ መካከሉን የሚመራው የሾፌሩ እግር ነው። ባለ 4 ዋልታ ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ለመስጠት ግን በደቂቃ 1500 ጊዜ ሳያዛንፍ መዞር አለበት። ስለሆነም ጭነቱ ሲጨምር ነዳጅ የሚጨምር፣ ሲቀንስም የሚቀንስ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ጭነቱ በድንገት በቀለለ ጊዜ የሞተሩ ፍጥነት ወደ ላይ ይፈተለካል።

ሦስተኛው አየር ነው። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም፤ ነዳጅ ቢጨመርለት ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ስለዚህ የጭስ ማውጫው ከቤቱ ውጭ ይዘርጋ፤ ቺንጋው ተራ የሚጠብቁ እናቶችን ነጠላ እንዳይጎትት በብረት ወንፊት ይሸፈን፤ የነዳጅ መዝጊያውም እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ በወፍጮ ቤቱ የሚሠሩ ሁሉ እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ይገባቸዋል።