የሞገድን መረጃ በአማርኛ ማንበብ፦ ቁመት ብቻውን አይበቃም

የምኖርበት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ከውቅያኖስ የራቀ ከተማ ነው። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ስንጓዝ ግን ኢሪ ሐይቅን እናገኛለን። ሐይቅ ይባል እንጂ ርዝመቱ 388፣ ወርዱም እስከ 92 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ነፋስ ሲበረታ በሰሌዳ የሚጋለብ ሞገድ ስለሚያስነሣ፣ በክሊቭላንድ ዳርቻ ሰርፍ የሚጫወቱ አሉ። እዚህ ያለን ጓደኛሞች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ዛሬ መሄድ ያዋጣል? ልጆችስ ውሃ ውስጥ ቢገቡ ያሰጋል? መልሱን በአማርኛ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው።

መረጃው በነፃ ይገኛል። ኖኣ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም በሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል ቁጥሩ 45005 የሆነ ተንሳፋፊ መለኪያ (ቡዪ) አለው። ንባቡን ያለ ኤፒአይ ቁልፍ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያወጣል። በፓይተን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች (የዓምድ ስምና መለኪያ) ዝለሉ፤ ቀሪውን በባዶ ቦታው ከፋፍሉ። አዲሱ ንባብ ከላይ ነው። «ኤምኤም» የሚል ካያችሁ «አልተለካም» ማለት ነው፤ ወደ ዜሮ አትቀይሩት። ዜሮ ካደረጋችሁት ፕሮግራማችሁ «ሐይቁ ረግቷል» ብሎ ይዋሻል።

የሚያስፈልጉን አራት ዓምዶች ናቸው።

የሞገድ ቁመት፦ ከተለኩት ሞገዶች የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። ስለዚህ «1 ሜትር» ሲል ከዚያ የሚበልጥም ይመጣል ማለት ነው።

የምልልስ ጊዜ፦ አንድ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ የሚያልፈው ሰከንድ ነው። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ከሩቅ ማዕበል ተነሥቶ ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ ሞገድ 14 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ የኢሪ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሰከንድ አካባቢ ነው። በጥልቅ ውሃ የሞገዱ ርዝመት በሜትር 1.56 ሲባዛ በጊዜው ካሬ ነው፦ ለ14 ሰከንድ 306 ሜትር፣ ለ5 ሰከንድ 39 ሜትር። ጉልበቱም በአንድ ሜትር ስፋት፣ በኪሎ ዋት፣ የቁመቱ ካሬ ሲባዛ በጊዜው፣ ሲካፈል ለሁለት ያህል ነው። ሁለቱም 1 ሜትር ቢሆኑ የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው 2.5 ይሆናል። ቁመታቸው እኩል ነው፤ ጉልበታቸው ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ይለያያል። አጭሩ ሞገድ ደግሞ ተደራርቦ ስለሚመጣ ዋናተኛን ትንፋሽ ያሳጣል።

የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ፦ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ነው። አቅጣጫው በዲግሪ ሲሆን ነፋሱ የሚመጣበትን ያሳያል፤ 0 ወይም 360 ሰሜን፣ 180 ደቡብ ነው። በስክሪን ላይ ቀስት ብቻ ካደረጋችሁ ተጠቃሚው «ወደዚያ ይነፍሳል» ወይስ «ከዚያ ይመጣል» ብሎ ይደናገራል። «ከሰሜን የሚነፍስ» የሚለው አማርኛችን ግን አያሳስትም፤ በቃል ጻፉት። የክሊቭላንድ ዳርቻ ወደ ሰሜን ስለሚያይ ከደቡብ የሚነፍስ ነፋስ ዳርቻውን ያረጋዋል፤ ከሰሜን የሚነፍሰው ግን ሞገዱን ያመጣል። ሰርፍ ለሚጫወቱት ጥሩው ሰዓት ብርቱው የሰሜን ነፋስ ጋብ ሲል፣ ሞገዱ ገና ሳይሞት ነው።

ሰዓቱን አትርሱ። ፋይሉ በዩቲሲ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ 12:00 ዩቲሲ በኮሎምበስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። መጀመሪያ የቦታውን ሰዓት አስሉ፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሩ።

አንድ ችግር አለ፦ ሐይቁ በረዶ ስለሚሠራ ቡዪው በረዶው ከመምጣቱ በፊት ይነሣል፤ ብርቱ ነፋስ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው። ያኔ ከዳርቻ የነፋስ ጣቢያዎች ተነሥቶ መገመት ግድ ይላል። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ ነው? ስንት ሰዓት ነፈሰ? ስንት ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ አለፈ?

ይህ ስሌት ቡዪ ለሌለበት ውሃም ያገለግላል። ጣናን አስቡ። ባሕር ዳር በደቡብ ጫፍ ስለሆነች ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ መላውን ሐይቅ አቋርጦ ይደርስባታል፤ ጎርጎራ ያለው ሰው ግን በዚያው ሰዓት የረጋ ውሃ ሊያይ ይችላል። በደንገል ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ኮዱን የምትሞክሩ ካላችሁ ከጣና ጀምሩ፤ ስክሪኑ ላይም ቁመትን ብቻውን አታውጡ።