ቤት ማጣት ጎዳና ላይ አይጀምርም



ባለፈው ዓመት ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ መስጂድ በር ላይ ሁልጊዜ የማየውን አንድ ልጅ ስለ ቤተሰቡ ጠየቅኩት። ከደጋ ነው የመጡት። አባቱ ከሞቱ በኋላ እናቱ ሲቀላ አንድ ክፍል ተከራይተው እንጀራ ይሸጡ ነበር። ሲታመሙ የ3 ወር ኪራይ ተጠራቀመባቸውና ቤቱን ለቀቁ። እናት ዘመድ ጋ ተጠጉ፣ ልጁ መናኸሪያ ማደር ጀመረ። እኔ ለወራት በየሳምንቱ 10 ብር ስሰጠው ቆይቻለሁ። ያንን ኪራይ ግን በጊዜው ብንሰማ ኖሮ የአንድ ዶርም ልጆች አዋጥተን እንከፍለው ነበር። ነገሩ ስለከነከነኝ እንዲህ ላለ ቤተሰብ ከመንግሥትና ከከተማ ምን እንደተዘጋጀ አነበብኩ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀበሌ ሄዶ ድጋፍ ሲጠይቅ ልመና አይደለም።

የከተማ ሴፍቲኔት

በከተሞች ትልቁ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል። ሦስት መንገድ አለው። መሥራት የሚችል ድሃ ቤተሰብ በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማት ወይም በውሃ መውረጃ ቦይ ሥራ ይሰማራና ይከፈለዋል፤ ከክፍያው የተወሰነው ይቆጠብለትና በኋላ ለራሱ ሥራ መነሻ ይሆነዋል። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ አለ። ለጎዳና ተዳዳሪዎች ደግሞ ማረፊያ፣ የምክር አገልግሎት፣ የሙያ ሥልጠናና ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት ተካቷል።

ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች ተጠቃሚውን የሚለየው የሠፈሩ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የሚያውቀው ደግሞ አድራሻ ያለውን ነዋሪ ነው። ሰው ቤቱን ሲያጣ የቀበሌ መታወቂያውን የማደስ ዕድሉ፣ ጎረቤቱና ዕድሩም አብረው ይርቁታል። ሦስተኛው መንገድ ለዚህ ሰው የተዘጋጀ ቢሆንም ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ከጨንቻና ከአካባቢው ደጋ ልጆች ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ መሄዳቸው የቆየ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ አሳፍሮ ወደ አገሩ መመለስ ይቻላል፤ ያስወጣው ችግር እዚያው ከጠበቀው ግን ተመልሶ ይወጣል።

ሳይወድቁ መያዝ

እዚህ ውሃ ምሕንድስና የምንማር ልጆች የአባያ ሐይቅ ለምን ቀይ ቡናማ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ነው። መፍትሔው ሐይቁን መጥረግ ሳይሆን ላይ እርከን መሥራት ነው። ለቤት ማጣትም እርከኖች አሉ።

አንደኛው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የልጁ እናት በዚህ ቢታከሙ ኖሮ የኪራዩ ገንዘብ ለመድኃኒት አይሄድም ነበር።

ሁለተኛው በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የመጡት የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ኪራያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ በየከተማው ብዙ ድሃ ቤተሰቦችን ከጎዳና አትርፈዋል፤ አሁን ግን ከፈላጊው ቁጥር ጋር አይመጣጠኑም።

ሦስተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልሎች የሚሠራው ግን ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው።

የኛ ድርሻ

በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሱፋ የሚባል ጥላ ነበር፤ ቤት የሌላቸው ሶሓቦች እዚያ ያድሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አንዱ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያገኙትን ያካፍሏቸው፣ ሌሎችም እየተከፋፈሉ ወደ ቤታቸው ወስደው ያበሏቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች መስጂድ በር ላይ የሚታለፉ አልነበሩም፤ ስማቸውና ሁኔታቸው ይታወቅ ነበር። በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት 8 የዘካ ባለመብቶች ውስጥም ድሆች፣ ባለዕዳዎችና መንገደኞች አሉ። የኪራይ ዕዳ ያስጨነቀው ቤተሰብ በዚህ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ። ሰደቃ ደግሞ ለሙስሊሙም ሙስሊም ላልሆነውም ጎረቤት ይሰጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ላሳስብ።

1. ከምንሰበስበው ሰደቃ የተወሰነውን ኪራይ ለተጠራቀመባቸው ቤተሰቦች እንመድብ።

2. ልብስ የሚያጥቡልንን፣ እንጀራ የሚሸጡልንን እናቶች "ጤና መድን አለዎት?" ብለን እንጠይቅ። ከሌላቸው አብረናቸው ቀበሌ እንሂድ፤ ፎርም መሙላት ለኛ ቀላል ነው።

3. ጎዳና ላይ ያለን ልጅ ስሙንና አገሩን ጠይቀን ከከተማው የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ጋር እናገናኘው።

10 ብሩን አንተው፤ ልጁ ዛሬም ይርበዋል። ግን 10 ብር ሰጥተን ጨርሰናል ብለን አንለፍ። አላህ ይወፍቀን።