ያውቁ ኖሯል? ቆጠራው ዜሮ ሳይደርስ

(ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዩሪ ጋጋሪን ገና ከመሬት ሳይነሳ ሦስት ዓይነት ዜና ተዘጋጅቶለት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በኤፕሪል 1961 የሶቪየት ዜና አገልግሎት ታስ አንዱን መግለጫ ለድሉ፣ አንዱን መንኮራኩሩ ባዕድ አገር ቢወድቅ እርዳታ ለመጠየቂያ፣ ሦስተኛውን ለመርዶው ጽፎ ይጠባበቅ ነበር። ጋጋሪን በ108 ደቂቃ ተመለሰና የድሉ ተነበበ። ለሚስቱ ለቫለንቲና ጽፎት የነበረው የስንብት ደብዳቤ እጇ የገባው ግን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ነው።

ሐኪሞቹ ደግሞ ክብደት አልባ ሲሆን አእምሮው ይነካል ብለው ሰግተው ነበር። ስለዚህ የእጅ መንጃው በቁጥር ተቆለፈ፤ ቁጥሩም በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀመጠ። ፖስታውን ከፍቶ ማንበብ ከቻለ ጤነኛ ነው እንደማለት ነው። ባልደረቦቹ ግን አላስቻላቸውም፤ ከመነሳቱ በፊት 125 ብለው ሹክ አሉት።

የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድ ለ15 ደቂቃ በረራ ከ4 ሰዓት በላይ በጀርባው ተጋድሞ ጠብቋል። የታክሲ ሰልፍ የለመደ ሰው ሳይረዳው አይቀርም። ሽንቱ ሲያስቸግረው መውረድ አልተፈቀደለትምና ልብሱ ላይ እንዲሸና ተነገረው፤ ሰውነቱ ላይ የተለጠፉት የመለኪያ ሽቦዎች መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ከተቋረጡ በኋላ።

ሮኬት ከመነሳቱ በፊት ወደ ኋላ መቁጠርን ያስለመደው መሐንዲስ ሳይሆን የፊልም ሰው ነው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ላንግ በ1929 ስለ ጨረቃ ጉዞ በሠራው ፊልም የተመልካቹን ልብ ለማንጠልጠል ተጠቅሞበታል።

የአፖሎ 1 ሦስት ጠፈርተኞች ሕይወታቸው ያለፈው በበረራ ላይ እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 ነዳጅ ባልተሞላ ሮኬት ላይ ልምምድ እያደረጉ ነበር፤ ልምምዱም አደገኛ ተብሎ አልተመዘገበም። ካፕሱሉ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቷል፤ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። እሳት ሲነሣ የውስጡ ግፊት በሩን ቀርቅሮ ያዘው። ከወራት በፊት እነዚሁ ሰዎች ካፕሱሉ አያስተማምንም ለማለት አንድ ፎቶ ተነሥተው ለሥራው ኃላፊ ሰጥተውት ነበር፤ በካፕሱሉ ሞዴል ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን አጋጥመው ሲጸልዩ። ቀልድ ነበር። ከአደጋው በኋላ በሩ ወደ ውጭ፣ ያውም በሰከንዶች ውስጥ እንዲከፈት ተደርጎ ተሠራ።

ጁላይ 16 ቀን 1969 አፖሎ 11 ሲነሳ ለማየት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የፍሎሪዳን የባሕር ዳርቻና መንገድ አጥለቅልቆት ነበር። ብዙው ሰው ድንኳን ተክሎ፣ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነው ያደረው። ያ ሁሉ ሕዝብ ያላወቀው ነገር፣ ጠፈርተኞቹ ለቤተሰቦቻቸው ፖስታ ሲፈርሙ መክረማቸውን ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሕይወት ኢንሹራንስ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖስታዎች ላይ ፈርመው፣ ካልተመለሱ ቤተሰባቸው ሸጦ እንዲተዳደርባቸው አደራ ሰጡ። በዋይት ሃውስም ቢሆን የፕሬዚዳንት ኒክሰን ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ጨረቃ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ጠፈርተኞች እዚያው ቢቀሩ የሚነበበውን የሐዘን ንግግር ጽፎ ነበር።

በጠፈር መንኮራኩሯ በቻሌንጀር ላይ አደጋ ከመድረሱ አንድ ሌሊት ቀደም ብሎ መሐንዲሶች «አይነሳ» ብለው እንደተከራከሩ ያውቁ ኖሯል? ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት ነው። ፍሎሪዳ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ተተንብዮ ነበር። አጋዥ ሮኬቶቿን የሠራው የቲዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በተለይም ሮጀር ቦይስጆሊ፣ መካኒኮቻችን ኦሪንግ የሚሏት የጎማ ቀለበት በብርድ ትደርቃለች፣ ጋዙን አትይዝም አሉ። ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይነሳ ሲሉም መከሩ። ናሳ ተቆጣ፤ የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው ተነጋገሩና ሐሳባቸውን ቀየሩ። በቦታው የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ ግን አልፈርምም አለ፤ ሌላ ሰው ፈረመ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች። ከ7ቱ ሟቾች አንዷ ከ11,000 በላይ አመልካቾች መካከል የተመረጠችው መምህርት ክሪስታ ማክኦሊፍ ነበረች፤ አደጋው የደረሰውም ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ በቴሌቪዥን እያዩ ነው።

በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ሲመረምር፣ የናሳ አለቆች አደጋ የመድረስ ዕድሉን ከ100,000 አንድ ሲሉ መሐንዲሶቹ ከ100 አንድ ይሉ ነበር። እንደ ቻሌንጀር ያሉት የናሳ መንኮራኩሮች በጠቅላላው 135 ጊዜ በረሩ፤ ሁለቱ ጠፉ። ማን ይቀርብ እንደነበር አንባቢ ያስላው።

ዲስከቨሪ የተባለችውን መንኮራኩር በ1995 ያስቆመው ግንደ ቆርቁር ነው። ወፎቹ በነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ሽፋን ላይ 200 ያህል ቀዳዳ ስለበሱባት ለጥገና ወደ መገጣጠሚያው ሕንፃ ተመለሰች፤ የበረረችውም ከወር በላይ ዘግይታ ነው። ለመከላከያ የፕላስቲክ ጉጉቶች ተሰቀሉ። እኛ ዘንድ ሟርተኛ የምትባል ወፍ እዚያ ዘበኛ ሆነች።

ባይኮኑር በተባለው የሮኬት ማስነሻ ጣቢያ ጠፈርተኞች ከመነሳታቸው በፊት በነበረው ምሽት «የበረሃው ነጭ ፀሐይ» የተሰኘውን የሶቪየት ፊልም ማየት ልማዳቸው ነው። በ1983 እዚያው ሁለት ሰዎች የተቀመጡበት ሮኬት ከመሬት ሳይነሳ በእሳት ተያያዘ። ሽቦው ስለተቃጠለ የማዳኛው ሥርዓት በራሱ አልሠራም፤ ተቆጣጣሪዎቹ በሬዲዮ ትእዛዝ አስፈነጠሯቸው። ከሰከንዶች በኋላ ሮኬቱ ፈነዳ። ሁለቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሕይወት አረፉ።

ለ8 ቀን ያህል ተብሎ የተነሳ ጉዞ 286 ቀን የፈጀበት ጊዜም አለ። በጁን 2024 ስታርላይነር የተባለችው መንኮራኩር የሂሊየም ፍሳሽ እንዳለባት እየታወቀ ተነሳች፤ ጠፈር ላይ ደግሞ መግፊያ ሞተሮቿ አስቸገሩ። ናሳ መንኮራኩሯን ባዶዋን መልሶ ጠፈርተኞቹን ሱኒ ዊሊያምስንና ቡች ዊልሞርን በሌላ አመጣቸው።

አፖሎ 13 ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው ኬን ማቲንግሊ ከጉዞው መሰረዙንስ ያውቁ ኖሯል? ባልደረባው ቻርሊ ዱክ የጀርመን ኩፍኝ የተባለው በሽታ ይዞት ነበር፤ ከተጓዦቹ ውስጥ የመከላከል አቅም ያልነበረው ማቲንግሊ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ያለ እሱ ሄዱ፣ የኦክስጅን ታንካቸው ጠፈር ላይ ፈነዳ፤ ማቲንግሊም መሬት ላይ ሆኖ እነሱን በመመለሱ ሥራ ተሳተፈ። ኩፍኙ በመጨረሻም አልያዘውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአፖሎ 16 ወደ ጨረቃ ሄደ፤ አብሮት ከተሳፈሩት አንዱ ያው ቻርሊ ዱክ ነበር።