«ተልዕኮህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የንግድ ትምህርት ቤት



በአገራችን አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል ዘመድ ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ደረሰው?» ብሎ ነው። ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ አካውንቲንግ... መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ወላጅም በዚያች ቃል ይኮራል ወይም ይተክዛል። እኔ ከለቡ ተነስቼ ኪጋሊ ወደሚገኘው የአፍሪካ ሊደርሺፕ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ይህችን ቃል ለአባቴ ልሰጠው አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ ተማሪውን የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ክፍሉ ሳይሆን «ተልዕኮህ ምንድን ነው?» ብሎ ነውና። አባዬ ነገሩን ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶም «ታዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ተልዕኮ ይማራል ልበል?» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም፤ እዚሁ አገር ቤት ደርሶኝ የነበረውን አካውንቲንግ ትቼ ነበር የምሄደው።

ትምህርት ቤቱን የመሠረተው ጋና ተወልዶ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ያደገው ፍሬድ ስዋኒከር ነው። መጀመሪያ በጆሃንስበርግ የአፍሪካ ሊደርሺፕ አካዳሚ የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከባልደረቦቹ ጋር አቋቋመ። ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲውን እ.ኤ.አ. በ2015 በሞሪሺየስ፣ በ2017 ደግሞ በሩዋንዳ ከፈተ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አፍሪካ ሰባት ታላላቅ ፈተናዎችና ሰባት ታላላቅ ዕድሎች አሏት፤ ሥራ ፈጠራ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ግብርና እያለ ይዘረዝራቸዋል። ተማሪው ከእነዚህ ውስጥ ዕድሜውን ሊሰጥበት የሚፈልገውን ችግር ወይም ዕድል ይመርጣል፤ ትምህርቱም በዚያ ዙሪያ ይገነባል።

ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስጽፍ መምህር የለም። ያለው «ፋሲሊቴተር» የሚባል አመቻች ነው። ንባቡን ቀድመን አንብበን እንመጣለን፤ ክፍል ስንገባ ሥራችን መከራከር፣ ማስረዳት፣ በቡድን ሆኖ አንድ ጉዳይ መፍታት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከሰሌዳ ሲገለብጥ የኖረ እጄ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገለብጠው አጥቶ ደብተሩ ላይ ሲንከራተት ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ፊት ዝም ማለት አደብ ነው፤ እዚህ ዝም ያለ ሰው ሳያነብ የመጣ ይመስላል። የኬንያና የናይጄሪያ ልጆች ሐሳባቸውን ገና ሳይጨርሱት ይናገሩታል፣ እየተናገሩም ያስተካክሉታል። እኔ ዐረፍተ ነገሬን በልቤ አሳምሬ እስክጨርስ ውይይቱ ሌላ ቦታ ደርሷል።

ይህን ሁሉ ሳይ ግን ነገሩ የተባለውን ያህል አዲስ አይደለም የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። የወሎን ደረሶች አስቡ። ደረሳው ፊቅህ ለመቅራት አንዱ ሸኽ ዘንድ፣ ነሕው ለመቅራት ሌላው ዘንድ ይጓዛል፤ ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ ስማቸው የገነነው በዚህ ነው። ኪታቡን በራሱ ፍጥነት ይቀራል፤ የገፋው ደረሳ ጀማሪውን ያቀራል። የትምህርት ክፍል የሚመድብለት ሬጅስትራር አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ከዘመዱ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ከመሸከም ጀምሮ ባለሱቅ የሆነውም ነጋዴ ቢሆን ሌክቸር አልተሰጠውም።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ከምንማራቸው ትምህርቶች አንዱ «መረጃና ውሳኔ» ይባላል። የምናውቀውን አንድ የንግድ ሥራ መርጠን በአኃዝ እንድናነበው ታዘዝን። ሌሎቹ ትልልቅ ኩባንያዎችን ሲመርጡ እኔ የእናቴን የዱቤ ደብተር መረጥሁ። እናቴ ለቡ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። እህቴ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፦ «የሚጣ እናት፣ ዘይት»፣ «ዘበኛው፣ ስኳርና ሳሙና»፣ «ባለባጃጁ፣ ካርድ»። በስም የተጻፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ደምረን ስንጨርስ በደብተሩ ላይ ያለው ገንዘብ በመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ሱቁ ግማሹ ሰው ቤት ነው ማለት ነው። እናቴም ገንዘቧ ደብተር ውስጥ ስለተያዘ ከጅምላ ሻጩ በዱቤ፣ ከፍ ባለ ዋጋ ትወስዳለች። የቡድኔ ልጆች ወዲያው «ለምን በሚዘገዩት ላይ አትጨምርባቸውም?» አሉ። ዕዳ ላይ ለመዘግየት የሚጨመር ገንዘብ ሪባ እንደሆነ፣ እናቴም ሱቋን ብትዘጋ እንጂ ይህን እንደማታደርግ ነገርኋቸው። «እሺ፣ ታዲያ ገንዘቧ ከየት ይምጣ?» አሉኝ። ያን ቀን ተልዕኮዬ የተገኘ ይመስለኛል።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ አይደለችም። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2013 አገልግሎቱን ጀመረ፤ ዘምዘምና ሒጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው በ2021 ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን ባንክ መያዣ ይፈልጋል፤ የእናቴ ደብተር መያዣ አይሆንም።

ክፍል ውስጥ ክርክሩ የጦፈው ሙራበሓ ላይ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ግልጽ አድርጎ፣ ለደንበኛው በክፍያ ጊዜ ይሸጣል። አንድ ጓደኛዬ «ይህ ወለድ ስሙን ቀይሮ መምጣቱ ነው» አለ። እኔም፦ ዕቃው በባንኩ እጅ ሳለ ቢቃጠል ወይም ቢጠፋ ኪሳራው የባንኩ ነው፤ አበዳሪ ግን ዕቃው ቢቃጠልም ገንዘቡንና ወለዱን ይጠይቃል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው አልሁት። እውነቱን ለመናገር ባንኩ ዕቃውን ሳይረከብ ወረቀት ብቻ የሚያፈራርም ከሆነ የጓደኛዬ ጥያቄ ተገቢ ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚጥመኝ ሙዷረባ ነው፦ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት አዋጥተው ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፤ ያለ ሠራተኛው ጥፋት ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ የባለገንዘቡ፣ ድካሙ የሠራተኛው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘብ ወደ ሻም የነገዱትን ስነግራቸው፣ ሙስሊም ያልሆኑት ልጆች ሳይቀሩ ስለ ድርሻው ክፍፍል በብዙ ጠየቁኝ።

ስለ ዲኔ ለሚጨነቁ ዘመዶቼ፦ ኪጋሊ ውስጥ ኒያሚራምቦ የሚባል የሙስሊሞች ሰፈር አለ፤ መስጊዱም፣ ሐላል ምግቡም አይቸግርም። ልጃቸውን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች ግን ከመወሰናቸው በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው የወጪው ነገር ነው፤ ስኮላርሺፕ ካለ ምን ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሁለተኛው፣ የውጭ ዲግሪ አገር ቤት ሲመጣ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግመታ እንደሚያስፈልገው ይወቁ። አባዬ ይህን ሁለተኛውን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው ሻንጣዬን አብሮኝ ያሰረው።

በመጪው ዕረፍት ለቡ ስመለስ፣ ኢንሻአላህ፣ የምሞክረው ነገር አለ። እናቴና ሁለት ጎረቤት ባለሱቆች ገንዘብ አዋጥተው ዘይትና ስኳር በአንድ ላይ በጥሬ ገንዘብ ከጅምላ ይገዛሉ፤ ዕቃውን እንደየመዋጯቸው ይካፈላሉ። ወረቀቱን አዘጋጅቼ ላክሁላት። እናቴ በስልክ አስነብባ ሰማችና «የአንዷ ሱቅ መሃል ላይ ቢዘጋ ዕቃውንና ዕዳውን ማን ይረከባል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ለቡድኔ አቀረብሁት፤ ሦስት ቀን ተከራክረንበታል፣ እስካሁን አልተስማማንም።