ማልደው ለሚነሡ እጆች ምስጋና ይገባል

በነታንያ፣ በአሽዶድ ወይም በኪርያት ማላኪ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ የሚጠብቁት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። ሻሽ ያሰሩ እናቶች፣ የጥበቃ ልብስ የለበሱ አባቶች ናቸው። ሐኪሙ ሲገባ ወለሉ ተወልውሎ ያገኘዋል፤ ተማሪው ሲደርስ ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ሥራው ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። የሚታወቀው የቀረ ዕለት ነው።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ሰዉ በረንዳው ላይ ወጥቶ ለሐኪሞችና ለነርሶች አጨበጨበ። ይገባቸዋል፤ ደግ ተደረገ። ነገር ግን የበሽተኛውን ክፍል ያጸዱት፣ ቆሻሻውን ያወጡት፣ በሱፐርማርኬት ገንዘብ ሲቀበሉ የዋሉትም ቤታቸው አልተቀመጡም። «ለእናንተም ነው» ያላቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። በጎንደር አካባቢ አባቶች ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ይቀጠቅጡ ነበር። እናቶች ድስት፣ ጋንና ጀበና ይሠሩ ነበር። የወለቃ ሸክላ ስሙ ዛሬም ይነሣል። ጎረቤቱ ያለ እነርሱ ማረሻ አያርስም፣ ያለ እነርሱ ድስት ወጥ አይሠራም። ተሳስቦና ተከባብሮ የኖረ ጎረቤት ነበረ። ማረሻውን ወስዶ ሠሪውን «ቡዳ» እያለ የሚሸሽም ብዙ ነበር። አማርኛ ውለታ ቢሱን «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይለዋል። ወጪቱን የሠራችውን ሴት የሰደበስ ምን ይባላል?

ያ ዘመን አልፏል። ንቀት ግን መልኩን ለውጦ በራስ ቤትም ሊገባ ይችላል። እስራኤል ከመጡ በኋላ ብዙ እናቶች በኒካዮን ሥራ ልጆች አሳድገዋል። በዚያ ደመወዝ ያደገው ልጅ ወታደር ሆኗል፣ ዩኒቨርሲቲም ገብቷል። ሆኖም «እናትህ ምን ትሠራለች?» ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ አይጠፋም። አንገት የሚያስደፋው ስርቆት ነው እንጂ መጥረጊያ መያዝ አይደለም። ይህን ለልጅ ልጅ መንገር የሽማግሌ ድርሻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ብዙ አዛውንት ራሳቸው በቤታቸው በመታፔሌት ይረዳሉ። ገላ የምታጥበው፣ መድኃኒቱን የምታስታውሰው፣ ኩፓት ሆሊም ይዛ የምትሄደው እርሷ ናት። አንዳንዷ የማኅበረሰቡ ልጅ ናት፤ አንዳንዷ የገዛ ልጆቿን ትታ ከፊሊፒንስ ወይም ከሕንድ የመጣች ናት። ቋንቋ ባይግባቡ እንኳ በስሟ መጥራት፣ ቡና ሲፈላ አብራ እንድትቀመጥ ማድረግ፣ «እጅሽ ይባረክ» ማለት አይከብድም።

ምስጋና ታዲያ በአፍ ብቻ አይበቃም። ኦሪት ዘዳግም የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ እንዲከፈል ያዝዛል። በእስራኤልም በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ ክፍያ ማዘግየትን ይከለክላል። በ2007 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ሥራው እስከፈቀደ ድረስ አሠሪው ለሠራተኛው መቀመጫ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በር ላይ ቀኑን ሙሉ የቆመ ጥበቃ አይቶ «የዚህ ሰው ወንበር የት አለ?» ብሎ ኃላፊውን የሚጠይቅ ሽማግሌ ከምርቃት በላይ አመስግኗል።

በአገር ቤት፣ የሚያርስ ሰው አጠገብ «ያበርታህ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነበር። ያው ልማድ እዚህም ደረጃ ለምትወለውለው፣ አውቶቡስ ለሚነዳው፣ ቆሻሻ ለሚያነሣው ይሆናል። በአማርኛም ይባል፣ «ቶዳ» ተብሎም ይባል፣ ሠራተኛው ቀና ብሎ ያያል።