የጥጥ ገበሬው ዘር በመዝገብ ሲፈለግ

በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በሚሲሲፒና በሁለቱ ካሮላይናዎች ገጠር ጥጥና በቆሎ እያመረተ የኖረ ተራ ቤተሰብ ስለ ራሱ የጻፈው ነገር እምብዛም አይገኝም። ስለ እሱ የጻፉት ሌሎች ናቸው፦ ግብር ሰብሳቢው፣ የሕዝብ ቆጣሪው፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ብድር ሰጪው ነጋዴ። እነዚህ ሰዎች ብዕር ያነሱት የማንንም ዘር ለመቁጠር አልነበረም፤ ማን ምን እንዳለውና ማን ምን እንዳለበት ለማወቅ ነበር። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የገበሬ አያት ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው፣ ከስሙ እኩል መሬቱን፣ ከብቱንና ዕዳውን መከተል የሚኖርበት ለዚህ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍለጋው ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚገኘው ሰነድ ብዙ ጊዜ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ግዛቶቹ ሞትን በወጥነት መመዝገብ የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ አላባማ በ1908፣ ሚሲሲፒ በ1912፣ ሰሜን ካሮላይና በ1913፣ ደቡብ ካሮላይና በ1915፣ ጆርጂያ በ1919። ወረቀቱ የሟቹን አባትና እናት ስም፣ እናትየው ከጋብቻ በፊት ትጠራበት የነበረውን የቤተሰብ ስም ጭምር ይጠይቃል። ሴት ስታገባ የባሏን ስም በምትወስድበት አገር ይህች አንዲት መስመር ትልቅ ዋጋ አላት፤ የብዙ ቤተሰብ ሐረግ የሚበጠሰው በእናቶች በኩል ነውና። ይሁንና ቃሉን የሰጠው ሟቹ ሳይሆን ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው። የሞቱ ቀን ትክክል ሆኖ የአያት ስም የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል፣ መረጃ ሰጪው ማን እንደሆነ ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

የፍለጋው አከርካሪ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተካሄደ ሲሆን፣ እስከ 1840 ድረስ በስም የተመዘገበው የቤቱ አባወራ ብቻ ነበር። ነፃ ሰው ሁሉ በየስሙ የተጻፈው በ1850 ነው። የ1880ው ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አማች ወይም ቅጥር ሠራተኛ መሆኑን ለየ። የ1900ው ደግሞ የትውልድ ወርና ዓመት ከመጠየቁ ሌላ፣ እናት ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ መዝግቧል። በአንዲት የገበሬ ሚስት ስም አንጻር ዘጠኝ ወልዳ አምስት እንደቀሩላት የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች ሊገኙ ይችላሉ። አራቱ ከ1880 በኋላ ተወልደው ከ1900 በፊት የሞቱ ከሆነ በየትኛውም ቆጠራ ስማቸው አይገኝም፤ በአገሪቱ መዝገብ የቀራቸው ምልክት የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ብቻ ነው። ምክንያቱም የ1890ው ቆጠራ የለም ማለት ይቻላል። በጥር 1921 ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ በተነሳ እሳት ተጎድቶ፣ የተረፈውም አብዛኛው ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተወገደ። የሃያ ዓመቱን ክፍተት በተቻለ መጠን የሚሞላው የየካውንቲው፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ የግብር መዝገብ ነው።

ቆጣሪው ስም የሚጽፈው በሰማው መንገድ በመሆኑ አንድ ቤተሰብ በሦስት ቆጠራ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይዞ ይገኛል። ዕድሜም በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት ብቻ ሲጨምር ይታያል። የካውንቲ ወሰን ስለሚቀያየር ደግሞ ከቀዬው ያልተነቃነቀ ቤተሰብ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ካውንቲ መዝገብ ውስጥ ይወድቃል። በዚህ ሁሉ መሃል ከስም ይልቅ የሚታመኑት ጎረቤቶች ናቸው። የደቡብ ገበሬ ለብቻው አይሰደድም ነበር፤ ከካሮላይና ወደ ጆርጂያ፣ ከዚያም ወደ አላባማ ሲሄድ ከወንድሞቹና ከአማቾቹ ጋር ነው። ልጆቹም የሚጋቡት በአጥር ከሚዋሰኑት ጋር ነበር። በቆጠራው ገጽ ላይ ከቤተሰቡ በላይና በታች ያሉትን አሥር አሥር ቤቶች ያላነበበ ፈላጊ ገና ግማሹን ገጽ እንዳላየ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለገበሬ ዘር ግን ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው ሰነድ ከ1850 እስከ 1880 በተደረጉት ቆጠራዎች ለብቻው የተዘጋጀው የእርሻ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ገበሬ አንድ መስመር አለው። የታረሰ መሬት ስንት ኤከር፣ ያልታረሰ ስንት፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ የምትታለብ ላም፣ የእርሻ በሬ፣ በግ፣ አሳማ፤ ከዚያ በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ በቤት የተናጠ ቅቤ በፓውንድ፣ ጥጥ በእስር። በ1850ና በ1860 አንዱ እስር 400 ፓውንድ ወይም 180 ኪሎ ገደማ ነበር። መስመሩ ሲነበብ ቤቱ ይታያል። ብዙ በቆሎና አሳማ፣ ጥቂት ጥጥ ያለው ገበሬ መጀመሪያ ጓዳውን የሚሞላ፣ በተረፈው ገበያ የሚወጣ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በተካሄደው ቆጠራ ያው ቤተሰብ በቆሎው አንሶ ጥጡ በዝቶ ከተገኘ ዕዳ ገብቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ነጋዴው ዘርና ዱቄት በዱቤ የሚሰጠው ጥጥ ለሚዘራ ነበርና።

የ1880ው ዝርዝር በተጨማሪ ገበሬው ባለመሬት፣ በገንዘብ የተከራየ ወይም በምርት ድርሻ የሚያርስ መሆኑን ይገልጻል። መሬቱን፣ በቅሎውንና ዘሩን ከባለመሬቱ የሚያገኝ እኩል አራሽ ምርቱን ለሁለት ይካፈል ነበር። የራሱ በቅሎና መሣሪያ ያለው ጭሰኛ በብዙ ቦታ ከበቆሎው ሲሶ፣ ከጥጡ እርቦ ይከፍላል። ያም ሆኖ የዓመቱ ሂሳብ ሲወራረድ ነጋዴው ከወለዱ ጋር ብዙውን ይወስደዋል። በጣም ትንንሽ እርሻዎች በዝርዝሩ ስላልተካተቱ፣ ስም መጥፋቱ ብቻውን ሰውየው አያርስም ነበር ለማለት አያበቃም።

ከቆጠራ የሚቀጥለው የካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። የመሬት ሽያጭ ውል፣ ገና ያልታጨደ ሰብል መያዣ የሆነበት የብድር ውል፣ ኑዛዜ፣ የውርስ ክፍፍል እዚያ ይገኛሉ። በምሥራቅ ጆርጂያና በካሮላይናዎቹ የቆየው ውል መሬትን በወንዝ፣ በዛፍና በአዋሳኝ ባለመሬት ስም ያመለክታል፤ አዋሳኙ ብዙ ጊዜ አማት ሆኖ ይገኛል። በአላባማና በሚሲሲፒ ግን መሬቱ በመንግሥት ቀያሾች ጎኑ 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱም እንደገና በ36 ክፍል ስለተሸነሸነ ማሳው ዛሬም በካርታ ላይ በትክክል ይገኛል። ሰው ሲሞት ሦስት ጎረቤቶች ንብረቱን ይገምቱና ማረሻውን፣ አልጋውን፣ የጥጥ መፍተያውን ሳይቀር ይጽፋሉ። ብዙ ፍርድ ቤቶች ከነመዝገባቸው ተቃጥለዋል፤ ከቃጠሎው በኋላ ግን ባለመሬቶች ቤታቸው ያለውን ውል እያመጡ ዳግም ያስመዘገቡበት ካውንቲ ስላለ፣ ተቃጠለ ሲባል ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአመዛኙ ለነጭ ገበሬ ይሠራል። የጥቁር ገበሬን ዘር የሚፈልግ ሰው 1870 ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። በባርነት የነበሩት ሰዎች ከጥቂቶች በቀር በቆጠራ በስም የተጻፉት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በ1860 አራት ሚሊዮን የሚጠጉ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት የባሮች ዝርዝር ላይ ግን የሚታየው የባለቤቱ ስም፣ ከሥሩም ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው። ሰውን ያህል ነገር ያለ ስም መጻፍ የዚያ ሥርዓት ግፍ አንዱ ገጽታ ነበር፤ ዛሬም የልጅ ልጆቹ መንገድ ላይ እንደ ግንብ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ግንቡን ለማለፍ ከሁሉ በላይ የሚረዱት ከባርነት ነፃ የወጡትን ለመርዳት በ1865 የተቋቋመውና እስከ 1872 የሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፍሪድመንስ ቢሮ፣ የተዋቸው ወረቀቶች ናቸው። በውስጣቸው የሥራ ውሎች አሉ። አንዱ ውል ሲገለጥ ከላይ የእርሻው ባለቤትና የካውንቲው ስም፣ ቀጥሎ የሠራተኞቹ ስም፣ አንዳንዴም ዕድሜያቸው፣ ከዚያ የደመወዙ ወይም የምርት ድርሻው ልክ ይታያል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ደግሞ መጻፍ ያልተፈቀደለት ሰው በእጁ ያሰመራት የመስቀል ምልክት አለች። ለእነዚሁ ነፃ የወጡ ሰዎች የተቋቋመውና እስከ 1874 የሠራው የፍሪድመንስ ባንክ የደንበኞች መዝገብ ወላጆችን፣ እህት ወንድሞችን፣ ሌላ ግዛት የተሸጡትን ጭምር የሚጠራበት ጊዜ አለ። በ1867 የተዘጋጁት የመራጮች ዝርዝሮችም የጥቁር ወንዶችን ስም ይዘዋል።

ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ በቀድሞው ባለቤት ወረቀት በኩል ያልፋል። በኑዛዜውና በንብረት ግምቱ ላይ ሰዎች በመጠሪያ ስማቸው፣ በዋጋቸው፣ ከበቅሎና ከላም ጎን ተጽፈው ይገኛሉ፤ እናትና ልጅ ለሁለት ወራሾች ሲከፋፈሉም ይታያል። ማንበቡ ያማል። ግን የቅድመ አያት ስም ያለበት ብቸኛው ገጽ እሱ ሊሆን ይችላል። ነፃ የወጣ ሰው ሁሉ የመጨረሻ ባለቤቱን ስም እንዳልያዘም መታወቅ አለበት፤ ብዙዎች ከእሱ በፊት የነበረ ባለቤታቸውን፣ የአባታቸውን ወይም ራሳቸው የመረጡትን ስም ወስደዋል።

ከእነዚህ መዝገቦች ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ፤ የበርካታ ካውንቲዎች የመሬትና የውርስ መዝገብ ግን እስካሁን የሚገኘው እዚያው ፍርድ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው 72 ዓመት ሲሞላው ብቻ ነው። የ1950ው በሚያዝያ 2022 ተከፍቷል፤ የ1960ው እስከ 2032 ተዘግቶ ይቆያል። የዚያን ዘመን እርሻ፣ ወደ ሰሜን ከተሞች የሄደውንና እዚያው የቀረውን ዘመድ በስም የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸውና፣ መዝገብ ከመገለጡ በፊት እነሱ ይጠየቁ።