ያውቁ ኖሯል? ፕሪየስን የምታስቆመው ትንሿ ባትሪ
እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል የሆነችው ቶዮታ ፕሪየስ እንደ ሌሎች መኪኖች ሞተሪኖም ዲናሞም የላትም። ሞተሩን የሚያስነሳው የ201.6 ቮልቱ ትልቅ ባትሪ ኃይል ነው። ታዲያ አልነሳም ስትል ጥፋተኛዋ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰው ባለ 12 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ናት። እሷ ስትደክም ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ መብራት ይጥለቀለቃል፤ ባለቤቱም ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ብድር ማፈላለግ ይጀምራል! መጀመሪያ ትንሿን ያስለኩ። ያለችው ከኋላ፣ በዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ነው፤ በኬብል ለማስነሳት ግን ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ የፖዘቲቭ መያዣ አለ።

ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር ደግሞ የሚገባው ከኋላ ወንበር ጎን ባለችው ወንፊት መሰል ክፍተት ነው። ጃኬት አይጣሉባት፤ የውስጡንም ማራገቢያ ከአቧራና ከፀጉር ያስጸዱ።